ሀዋሳ ላይ ቆንጆ በረሮ ማርባት፦ እንቁላሉ ለምን ይደርቅብኛል?

የታቦር ልጅ (ሀዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። በረሮ አረባለሁ። ኩሽና ውስጥ የሚሯሯጠውን ማለቴ አይደለም፤ የጫካ በረሮ ነው። እባካችሁ "አንቺ ልጅ ደህና ነሽ?" ብላችሁ አትመልሱልኝ። እሱን ቤት ውስጥ በየቀኑ እሰማዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ወንዶ ገነት አክስቴ ጋ ሰነበትኩ። ግቢዋ ውስጥ ትልቅ ዋንዛ አለ። ሥሩ ቅጠል ተከምሮ ይበሰብሳል። ለጎመን መደቧ ከዚያ አፈር አምጪልኝ አለችኝ። ቅጠሉን በእጄ ስገልጠው ትንንሽ ነገሮች ተበታተኑ። አንዷ ግን አልሸሸችም። መዳፌ ላይ ወጥታ ቆመች። ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትበልጥም። ጀርባዋ የማር ቀለም ነው። ዳር ዳሩን ነጣ ያለ ቢጫ መስመር ዞሮታል፤ የነጠላ ጥለት ነው የሚመስለው። ክንፏ ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል። አንዱን አንቴናዋን በእግሯ ጎትታ አፏ ውስጥ ከተተችው። ከሥሩ እስከ ጫፉ ቀስ ብላ አጸዳችው። ከዚያ ሌላኛውን። ትንፋሼን ይዤ አየኋት። በረሮ ራሱን እንደሚያጸዳ ማን ነግሮኝ ያውቃል?

ዘጠኝ ይዤ ሀዋሳ ገባሁ። አሁን ሁለት ወር አልፏቸዋል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ናቸው። አፈሩም ቅጠሉም ከዚያው ከዋንዛው ሥር ነው። ክዳኑን መሀሉን ቆርጬ አሮጌ አጎበር ወጠርኩበት፤ አየር እንዲገባ። ካሮት፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የደረቀ እንጀራ ፍርፋሪ እሰጣለሁ። አራቱ ሞተውብኛል። ሁሉንም ጠዋት ላይ በጀርባቸው ተገልብጠው፣ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ነው ያገኘኋቸው። አምስቱ አሉ።

ዋናው ችግሬ እንቁላሉ ነው። ሴቷ እንቁላሎቿን አንድ ከረጢት ውስጥ አድርጋ ከኋላዋ ይዛ ትዞራለች። ከረጢቷ ቡናማ ናት፣ የስንዴ ፍሬ ታህላለች። በማግሥቱ ቅጠል መሀል ትጥላታለች። ሌሎቹ እንዳይበሏት ፈርቼ እየለቀምኩ ባዶ ክብሪት ቀፎ ውስጥ፣ ጥጥ ላይ አኖርኳቸው። ሰባት ደርሰው ነበር። ስድስቱ እንደ ዘቢብ ተጨማደዱ። ሰባተኛዋ ሻገተች። ምን አጠፋሁ?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ዶሚኖ የሚባለውን የሕንድ በረሮ ፎቶ ካየሁ ወዲህ ልቤ እዚያ ቀርቷል። ዱባይ የምትኖር ዘመድ አለችኝ፣ ለገና ትመጣለች። በሻንጣዋ ጥቂት ብታመጣልኝ ይሆናል? እዚህ አገርስ ያለው ሰው ታውቃላችሁ?

የሦስት ልጆች እናት (ሀዋሳ)

ልጄ፣ ልቆጣሽ አይደለም። ታናሹ ልጄ አስም አለበት። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ቤታችሁ በረሮ አለ ወይ?" ብሎ ነው። ያን ቀን ማታ ቁም ሳጥኑን ሁሉ ስስብ አደርኩ። ሰው ከቤቱ ለማስወጣት የሚለፋበትን ነገር አንቺ በገዛ እጅሽ ማስገባትሽ ያሳስበኛል። ከአንቺ ጋር ሕፃን ይኖራል? እናትሽስ ምን ይላሉ?

ባለ ሣጥኑ (አዳማ)

የታቦር ልጅ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዳማ ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው፤ ስለዚህ ነገር በአማርኛ የጠየቀ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሀምቡርግ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። እዚያ ስድስቱን ዓመት በረሮ አርብቻለሁ። ጽሑፌ ሊረዝም ነው፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ ለእናታችን። እውነትዎን ነው። የበረሮ ኩስና የሚጥለው ቆዳ ሲደርቅ ብናኝ ይሆናል። አስም ያለበትን ሰው ያስነሣበታል፤ ለዓመታት የተነፈሰውን ሰው ደግሞ አለርጂ ሊያደርገው ይችላል። የጫካውም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም። ስለዚህ እህቴ፣ ሣጥኑን የምታጸጂው ውጭ በረንዳ ላይ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ ይሁን። መኝታ ክፍል አታስቀምጪው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ቤታችሁ አስም ያለበት ሰው ካለ ግን ይቅርብሽ። ይሄን የምለው ነገሩን ስለምወደው ነው።

ቤት የሚወርሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። በዓለም ላይ ስም የተሰጣቸው የበረሮ ዝርያዎች 4,600 ገደማ ናቸው። ከሰው ጋር የሚኖሩት 30 አካባቢ ቢሆኑ ነው። የቀሩት ቅጠል ሥርና ግንድ ውስጥ የበሰበሰውን ወደ አፈር እየለወጡ የሚኖሩ ናቸው። ኩይሳ የሚሠራው ምስጥ እንኳ ሳይንሱ የሚመድበው ከበረሮ ቤተሰብ ነው። ኩሽና ውስጥ የምናየው ትንሹ ቡናማ፣ ፈረንጆች የጀርመን በረሮ የሚሉት፣ ከጀርመን የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የዘረመል ጥናት ከ2,100 ዓመት ገደማ በፊት ከእስያ በረሮ እንደተገኘ አሳይቷል፤ ሕንድ ወይም ምያንማር አካባቢ። ከሰው ጋር መኖር ለምዶ በመርከብ ዓለምን ዞረ። የአንቺዋ ባለ ጥለት ኩሽናችሁ ውስጥ ብትለቀቅ በድርቀት ታልቃለች። የምትፈልገው ዋንዛውን ነው።

ወደ እንቁላሉ። ያጠፋሽው አንድ ነገር ነው፤ ከቦታው አነሣሽው። ያ ከረጢት ጠንካራ ይመስላል እንጂ ውሃ ጨርሶ የማያሳልፍ አይደለም። እርጥብ ቅጠል መሀል ተቀምጦ እንዲቆይ ነው የተሠራው። ደረቅ ጥጥ ላይ ስታኖሪው ውስጡ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ያልቃል። መጨማደዱ ይሄ ነው። የሻገተችው ደግሞ ምናልባት ከመጀመሪያውም ያልጸነሰች ትሆናለች። ሻጋታ ቶሎ የሚይዘው የሞተውን ነው።

ከአሁን በኋላ እናትየዋ የጣለችበት ተዪው። ሣጥኑን በአንድ ወገን ብቻ አርጥቢ። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ግዢና በአንዱ ጥግ ግድግዳውን ይዘሽ ውሃ ልቀቂ፤ ታችኛው አፈር ይጠጣዋል። ሌላው ጥግ ደረቅ ይሁን። የት እንደሚመቻቸው እነሱ ይመርጣሉ፣ አንቺ አትምረጪላቸው። አፈሩን ጨብጠሽ ስትለቂው ቅርጹን ይዞ ቢቆይ፣ ጣትሽ መሀል ግን ውሃ ባይወጣ ልኩ እሱ ነው። ጥልቀቱ እጅሽን አጋድመሽ አራት ጣት ቢሆን ይበቃል።

ይበሉታል ብለሽ የፈራሽው መሠረት አለው። ግን የሚያደርጉት ሲርባቸው ነው፣ በተለይ ፕሮቲን ሲያጡ። ካሮት፣ የሙዝ ልጣጭና እንጀራ ብቻ ነው የሰጠሻቸው። አንቺ ሀዋሳ ነሽ፤ የቆሮሶ አገር ነው። ጨው ያልነካው የደረቀ ቆሮሶ ጭንቅላት ፈጭተሽ በሳምንት ሁለቴ ቁንጥር ስጪያቸው። አትክልቱን ልጠሽ እጠቢው። ገበያ የሚመጣው ቲማቲምና ጎመን መድኃኒት የተረጨ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ምንም የማይመስለን ለእነሱ መርዝ ነው።

ሙቀቱም አለ። ሀዋሳ ቀኑ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሌሊቱ ነው። አሁን ኅዳር ነው፣ ንጋት ላይ ምን ያህል እንደሚበርድ ታውቂዋለሽ። ዋንዛው ሥር የተከመረው ቅጠል እየበሰበሰ ራሱ ይሞቃል፣ ሌሊቱን ይከላከልላቸዋል። ያንቺ ሣጥን ግን ስስ ፕላስቲክ ነው። እንቁላሉ ሲበርደው ዕድገቱ ይቆማል። ፍሪጅ ካላችሁ ሣጥኑን አናቱ ላይ አድርጊው፤ ከኋላው የሚወጣው ሙቀት ይደርሰዋል። መብራት የጠፋ ቀን ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በፎጣ ጠቅልለሽ ጎኑ አስቀምጪ። 25 ዲግሪ አካባቢ ብትይዢው ደስ ይላቸዋል። ፀሐይ ላይ ግን እንዳታወጪው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይቀቀላሉ።

አሁን ዶሚኖ። ልብሽ እዚያ ቢቀር አልፈርድብሽም። እኔ የጀመርኩት በማዳጋስካሩ ነው፤ ክንፍ የለውም፣ የአውራ ጣት ያህላል፣ ስትነኪው በጎኑ ባሉት ትንፋሽ መውጫዎች አየር እየገፋ "ስስስ" ይላል። ቀጥሎ የካሪቢያኑን አረንጓዴ ያዝኩ፤ ሲያድግ የለጋ ሙዝ ቅጠል ቀለም ያወጣል። ዶሚኖው ግን ልዩ ነው። አገሩ ደቡብ ሕንድ ነው። ጥቁር ላይ ሰባት ነጭ ነጠብጣቦች አሉት፣ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። ፈሳሽ የሚረጭ አንድ ነጠብጣባም ጥንዚዛ አለ፤ እሱን መስሎ ከጠላት ይድናል። የስዊድኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም ሲያወጣለት ከጥንዚዛዎች ጋር ነው የመደበው። ዓይን ያታልላል።

ከዶሚኖው የተማርኩት ትዕግሥት ነው። እንቁላሉን አፈር ውስጥ ይቀብራል። ጫጩቶቹም ዕድሜያቸውን አፈር ውስጥ ይጨርሳሉ፤ የሚወጡት ካደጉ በኋላ ነው፣ እሱም ለጥቂት ወራት። እኔ ይሄ አልገባኝም ነበር። በየሳምንቱ አፈሩን በማንኪያ እያገላበጥኩ "የታሉ?" እል ነበር። ትልልቆቹ ሞተው አለቁ። ምንም አልቀረም ብዬ ሣጥኑን ለስድስት ወር መደርደሪያ ሥር ጣልኩት፤ ቅጠሉ ሲደርቅብኝ ብቻ ውሃ ጠብ አደርግበት ነበር። አንድ እሑድ አፈሩን ልደፋ ጋዜጣ ላይ ገለበጥኩት። አንድ ጓል አፈር ተነሥታ ሄደች። ከዚያ ሌላዋ። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፤ 23 ነበሩ። ያጠፋቸው ማንኪያዬ ነበር እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

ታዲያ ለምን ወደ አዳማ አላመጣኋቸውም? ሀምቡርግ ላይ አንድ ዶሚኖ በመስኮት ቢያመልጥ የጥር ብርድ ይገድለዋል። ሀዋሳ ላይ ቢያመልጥስ ማን ይገድለዋል? ሙቀት አለ፣ ዝናብ አለ፣ የዋርካና የሾላ ቅጠል አለ። እዚያ ቅጠል ሥር ደግሞ ያንቺ ባለ ጥለት ትኖራለች፤ ቦታዋን ሊነጥቃት፣ በሽታ ሊያመጣባት ይችላል። እምቦጭም አበባው አምሮ ነው ከአገሩ የወጣው። ጣናን ምን እንዳደረገው አይተናል። በሕግም ቢሆን በሕይወት ያለ ነፍሳት ያለ ፈቃድ አገር አይገባም፤ ዘመድሽን አየር ማረፊያ ላይ ችግር ውስጥ ትከቻታለሽ። እባክሽ አታድርጊው። የእኔን ስመለስ ለሚያውቅበት ጓደኛዬ ሰጥቼ ነው የመጣሁት። እስካሁን ይናፍቁኛል።

ይልቅ አንቺ እጅ ውስጥ ያለውን ተመልከቺ። ስሟን እኔ አላውቀውም። ሀምቡርግ የነበሩት አርቢዎች ቢያዩዋት ዙሪያሽን ከበው ነበር።

ቲቸር ዘ ባዮሎጂ (ሀዋሳ)

ባለ ሣጥኑ ጥሩ አድርገው አስረድተዋል። ግን አንድ ነገር ሁላችሁም አለፋችሁት። እህቴ፣ ክዳኑ ላይ የወጠርሽው አጎበር ከጤና ኬላ የታደለ ነው?

እሱ ከሆነ ዛሬውኑ አንሺው። ለወባ የሚታደለው አጎበር ከፋብሪካ ሲወጣ ክሩ ፀረ ተባይ የያዘ ነው። ፐርሜትሪን ወይም ዴልታሜትሪን ይሆናል። ቢያንስ 20 እጥበትና ሦስት ዓመት እንዲቋቋም ተደርጎ ነው የሚሠራው። "አሮጌ ነው" ማለት መድኃኒቱ አልቋል ማለት አይደለም። መድኃኒቱ የነፍሳቱን ነርቭ ነው የሚመታው፤ መልእክቱ መቆሚያ ያጣል። በጀርባ መገልበጥ፣ እግር መንቀጥቀጥ ያልሽው የዚህ ምልክት ነው። ማታ ማታ ወደ ላይ ወጥተው ክዳኑን የነኩት ናቸው የሞቱት ብዬ እገምታለሁ።

ይሄን የማውቀው አጥቼ ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ከተማሪዎቼ ጋር የጫካ በረሮና ፌንጣ እናሳድግ ነበር። በትምህርት መዝጊያ ሰሞን ሳይነግሩን ክፍሎቹን ሁሉ ፍሊት አስነፉ። ሰኞ ስንገባ ሁሉም ሣጥን ዝም ብሏል። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፣ ለእያንዳንዳቸው ቁጥር ሰጥታ ቆዳ የጣሉበትን ቀን በደብተሯ ትመዘግብ ነበር። ደብተሩን ይዛ ቆመች። ምን እንደምላት ጠፋኝ። ኩሽና ውስጥ ያሉት ደግሞ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። የቤት በረሮ እነዚህን መድኃኒቶች ለምዷቸዋል፤ የጫካው አልለመደም። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ማንንም ያልነካው ነው።

ስለዚህ ቤታችሁ ፍሊት የሚነፋ ከሆነ ቀድመው እንዲነግሩሽ ለምኚ። ሣጥኑን ጎረቤት ጋ አሳድሪው። ለክዳኑ ሻሽ ወይም ያልተነከረ ቀጭን ጨርቅ ይሆናል። ፕላስቲኩንም በሳሙና ደጋግመሽ እጠቢው፣ አፈሩንም ቀይሪ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን እንዳይገባበት፣ ዘይቱ አይስማማቸውም። ያነሣሽውን አጎበር ደግሞ ሐይቁ ውስጥ እንዳታጥቢው። ለአሣ ከባድ መርዝ ነው።

የታቦር ልጅ (ሀዋሳ)

ቲቸር፣ አጎበሩ የጤና ኬላ ነው። ሰማያዊው። ይሄን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። እኔ ራሴ ነኝ የገደልኳቸው። አሁኑኑ አንሥቼዋለሁ።

እትዬ፣ ቤታችን ሕፃን የለም፤ አስም ያለበትም የለም። እኔ፣ እናቴና ወንድሜ ነን። ሣጥኑ ኩሽና ሳይሆን ኮሪደር ላይ ይሆናል፣ ፍሪጁ እዚያ ነው። የልጅዎን ጤና እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ።

ጋሼ፣ ስለ ዶሚኖው እውነት ለመናገር አለቀስኩ። ግን ገብቶኛል። ዘመዴን ተይው ብያታለሁ። ቅዳሜ ወንዶ ገነት ሄጄ አዲስ አፈር አመጣለሁ።

የሦስት ልጆች እናት (ሀዋሳ)

አሜን ልጄ። የአጎበሩን ነገር እኔም ከዛሬ በፊት አልሰማሁም። ስንታችን ነን ሐይቅ ዳር የምናጥበው።

የታቦር ልጅ (ሀዋሳ)

ሰባት ሳምንት አለፈ። ለጠየቃችሁኝ ሁሉ ወሬ ይዤ መጥቻለሁ።

አጎበሩ ከተነሣ ወዲህ አንድም አልሞተም። ለክዳኑ ጨርቅ ስፈልግ እናቴ ምንም ሳትናገር ከሳጥኗ ነጭ ሻሽ አውጥታ ሰጠችኝ። ፍሪጁ አናት ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጥኩ። ንጋት ላይ 22፣ ቀን ላይ 26 ያሳያል። መብራት የጠፋ ቀን ሃይላንዱን ሞልቼ አስጠጋለሁ። ቆሮሶውን ደግሞ ወንድሜ ከዓሣ ገበያ ያመጣልኛል።

ዛሬ ጠዋት ለውሃ ሲሪንጁን ይዤ ጎንበስ ስል አንድ ቅጠል ጫፍ ላይ የእንቁላል ከረጢት አየሁ። ጠርዟ ላይ ያለው ስፌት የመሰለው መስመር ተከፍቷል። ከመሀሉ ነጭ ነገር እየተገፋ ይወጣል። ወተት ነው የሚመስለው። ዓይኑ ብቻ ጥቁር ነጥብ ነው። አንዱ ሌላውን እየገፋ ወጣ። አንቴናቸው ከሆዳቸው ሥር ተጣጥፎ ነበር፤ አንድ በአንድ ዘረጉት። እንደ ሰሊጥ ፍሬ ናቸው። 14 ቆጠርኩ። እናቴን ጠራኋት። መነጽሯን አድርጋ መጣች። "እነዚህ ናቸው እንዴ?" አለች፣ ቆማ ቆየች። እኩለ ቀን ላይ ሳይ ነጭነቱ ሄዶ ቡናማ ሆነዋል። የዳሩ ጥለት ግን ገና የለም።

ጋሼ፣ ካሮቱን ልፈቅፍቅላቸው? ከትልልቆቹስ ልለያቸው?

ባለ ሣጥኑ (አዳማ)

እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ። 14 ለመጀመሪያ በጣም ጥሩ ነው።

ፈቅፍቂላቸው፣ በማግሥቱ የተረፈውን አንሺ። አትለያቸው። ጫጩቶቹ የትልልቆቹን ኩስ ይበላሉ፤ ምግብ የሚፈጩበትን ደቂቅ ሕዋስ የሚያገኙት ከዚያ ነው። ውሃውን በጠብታ ሳይሆን ቅጠሉ ላይ እርጭ እርጭ አድርጊው፣ እንዳይሰምጡ። ሻሹን በላስቲክ አጥብቀሽ እሰሪ፤ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነገር የትም ትገባለች።

ሁለት ሦስት ጊዜ ቆዳ ከጣሉ በኋላ ጥለቱ ሲወጣ ፎቶ አንሺና እዚህ ለጥፊልን። የቲቸርን ተማሪም አሳዪያት።